በቁሜ ተዝካሬን ያወጣሁበት ቤት

ለክቡር የደጋ ማረፊያ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና ያችን ዳገት የማትወድ በቅሎዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ስለ ራሴ ጤንነት ለመናገር የጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ስለማይፈቅድልኝ፣ ደኅና ነኝ ብዬ ክቡርነትዎን ከመዝገብዎ ጋር አላጣላም። በመዝገቡ ሟች ተብዬ የተጻፍሁት፣ በደብራችን ድጓ ሳስተምር ሠላሳ ሁለት ዓመት የኖርሁት መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ሦስት ጊዜ ገልብጬ አንዱን በወገዳ፣ አንዱን በመካነ ኢየሱስ፣ አንዱን በንፋስ መውጫ ገበያ መስቀሌ ከድፍረት አይቆጠርብኝ። የላክኋቸው ስድስት ማመልከቻዎች ሁሉ «አመልካቹ በሕይወት ስለሌሉ» ተብሎ ከጀርባቸው እየተጻፈ ተመልሰውብኛል። እንግዲህ ገበያተኛው ያንብበኝ ብዬ ነው።

ጉዳዩ በጉና ትከሻ ላይ የቆመው፣ ክቡርነትዎ ለከተማ ሰዎችና ለባሕር ማዶ እንግዶች አየር መቀበያ ብለው የሚያከራዩት የድንጋይ ቤት ነው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩን የአገሬ ሰው በደቦ አወጣልኝ፤ ጭቃውን ባለቤቴ የሻረግ በእግሯ ረገጠችው፤ የክዳኑን ጓሳ ሁለታችን አጭደን በሸክም አወጣነው። እንግዶችዎ «እንዴት ይሞቃል!» እያሉ እንደሚያደንቁት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ይሞቃል፣ አዎ፤ እንዲሞቅ አድርገን ነው የሠራነው።

ለእኔና ለየሻረግ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም። ልጅ የሌለው ሰው «ስሞት ማን ያስበኛል?» ብሎ እንደሚሰጋና ጉልበቱ ሳይከዳው የቁም ተዝካሩን እንደሚያወጣ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ሕፃን ያውቀዋል። እኔም በ1960 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ገብሱ ከአውድማ እንደ ገባ፣ በዚያው ቤት ደጃፍ ዳስ ጥዬ ተዝካሬን አወጣሁ። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፤ ሕዝቡ በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፤ እኔም አሜን እያልሁ ጠላ ስቀዳ ዋልሁ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ አላስታውስም። ከዚህ በኋላ የሆነውን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. በዕለቱ ተራራውን ሊለኩ የመጡት ጸሐፊዎ አቶ ይሁኔ በመንገድ አልፈው እንዳይሄዱ ለምኜ ዳሱ ውስጥ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነኝ። በልተው ሲጨርሱ «ተዝካሩ የማን ነው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ፤ «የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ» ተባሉ፤ «ልጅ አላቸው?» አሉ፤ «የላቸውም» ተባሉ። ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ሲጽፉ ጠላቸው እንዳይደፋ ዋንጫውን የያዝሁላቸው ይህ እጄ ነው። በሦስተኛው ወር «ወራሽ ሳይተው የሞተ ሰው ቤት» የሚል ወረቀት በቤቴ በር ላይ ተለጠፈ፤ እኔና የሻረግም ከነቁርበታችን፣ ከነጎታችን ወጣን። ለፈጣን አገልግሎትዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በሕይወት ሳለሁ አንድ ጉዳይ በሦስት ወር አልቆልኝ አያውቅም።

2ኛ. መኖሬን ላስመሰክር ሦስት ሰዎች ይዤ ቀረብሁ። ሰነድ ያለው ሟቹ እንጂ እኔ እንዳልሆንሁ በትሕትና ተነገረኝ። ከዚያም ጎረቤቴን አዳነን፣ ላቀውንና አንድ ካህን በመስቀል አስምላችሁ «የዚህን ሰው ተዝካር በልታችኋል ወይስ አልበላችሁም?» አላችኋቸው። ምስክሮቼ እግዜርን የሚፈሩ ናቸው፤ መስቀል ይዘው አልበላንም ሊሉ ነው እንዴ? በልተናል አሉ። «ግን እኮ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ምስክርነቱ በቃ ተባለ። አዳነ ሲወጣ በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እስከ ዛሬ ድረስ የገደለኝ እሱ ይመስለዋል።

3ኛ. ክቡርነትዎ በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሰቀሉትን «የቤቱ ታሪክ» የሚል በጽሕፈት መኪና የተመታ ጽሑፍ ለእንግዶችዎ ማገዶ ተሸክሜ በገባሁ ቀን አነበብሁት። ቤቱ ከዓለም ተለይተው በብቸኝነት የኖሩ የአንድ መናኝ ማረፊያ እንደ ነበር፣ መናኙም ሰው ሳያዩ አርባ ዓመት በጾም እንደ ኖሩ ይላል። ስለ ሰጡኝ ክብር እግዜር ይስጥልኝ። ለጾሙስ ግድ የለኝም፣ ከተዝካሬ ወዲህ የጎደለውን እየሞላሁት ነው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ በዚያ ታሪክ ውስጥ የሻረግ የለችም። ጭቃውን ማን ረገጠው? እንግዶቹ ፎቶግራፍ የሚያነሱትን ምድጃ ማን ለቀለቀው? የእንግዶችዎ አስተርጓሚ የእኔን ታሪክ ለእኔው ሲተርክልኝ ሳላቋርጠው የሰማሁት ሰውየው ደግ ስለ ነበረ ነው፤ የየሻረግ መቅረት ግን አንገብግቦኛል።

4ኛ. ይህኛውን በቁጥር ማስገባቱ ራሱ ያሳፍረኛል። ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ የምንኖረው አዳነ በሰጠን የበግ ጋጣ ውስጥ ነው። የጉናን ብርድ ክቡርነትዎ በእንግድነት ያውቁታል፤ ከእሳቱ ፊት ሆነው። ዐምና ክረምት በረዶው ክዳኑን በስቶት ሌሊቱን ሁሉ ገብቶብን፣ የየሻረግ ደረት ተያዘ። አሁን ስታስል ደም ይታያል። ደብረ ታቦር ያያት ሐኪም ርጥበት ውስጥ ሌላ ክረምት እንዳታሳልፍ ብሎ ነበር፤ የት እንደምትሄድ ግን አልጻፈልንም።

እዚህ ላይ ነው የክቡርነትዎ ርኅራኄ የደረሰልን። ጽሕፈት ቤትዎ የሻረግ የሟች መበለት ከሆነች የቤቱ ማድቤት እንዲሰጣት፣ በዚያ እየኖረች የእንግዶቹን አንሶላ እንድታጥብ ፈቀደ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የተጠየቀው፤ ባሌ ሞቷል ብላ አውራ ጣቷን እንድታትም፣ ወንድ ወደ ግቢው እንዳታስገባ። የሻረግ ይህን ስትሰማ ከተኛችበት ተነስታ ተቀመጠች። «ማታ ማታ እግሩን የማጥብለትን ሰው ሞተ ብዬ አላትምም፤ ከፈለጉ እኔንም ይጻፉኝና አብረን እንሙትላቸው» አለች። ከዚያ ሳሉ ያዛትና መናገር አቃታት።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ጋጣው አፈሰሰ። ያለንን ሁሉ አለበስኋት፤ እንጨቱ ረጥቦ አልነድ አለኝ። ሲነጋ ብርዕና ቀለሜን አውጥቼ፣ ባሌ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ሞተው ተዝካራቸው ወጥቷል የሚለውን ቃል በራሴ እጅ ጻፍሁ። የሻረግ ፊደል አታውቅም። ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለሁለታችንም ቤቱ እንዲመለስልን የሚለምን ማመልከቻ ነው ብዬ አነበብሁላት። አሳምሬ ነው ያነበብሁት። አንዲት ቃል ስቶ ያዜመ ተማሪ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ያልተጻፈውን አነበብሁ። እሷም አመነችኝ፣ አውራ ጣቷን ሰጠችኝ። ጣቷ ቀዝቃዛ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር፤ ሞቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማመልከቻ አልጽፍም፣ ምስክርም አላቀርብም። የሻረግ ማድቤቱ ውስጥ በደረቅ መደብ ላይ ተኝታለች። እኔ በየቀኑ ማገዶ አምጥቼ ከአጥሩ ውጭ አራግፋለሁ፤ እሷም ወጥታ በአጥሩ በኩል ታነጋግረኛለች። ሳሏ ትንሽ ቀንሷል። ከዚህ በላይ የምለምነው የለኝም፤ ብለምንም እንደማላገኘው ተረድቻለሁ። ይህን በገበያ የምታነቡ ወገኖቼ ግን፣ ስለ እመብርሃን፣ ለእሷ እንዳትነግሩብኝ።

ለእኔ የነፈጉትን ዕድሜ እግዚአብሔር ለክቡርነትዎ ጨምሮ እንዲሰጥዎ፣ መዝገብዎንም ከብል እንዲጠብቅልዎ እየጸለይሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

በመዝገብ ሟች፣ በበግ ጋጣ ነዋሪ፣
መሪጌታ ቀለመ ወርቅ
ጉና ሥር፣ ግንቦት 23 ቀን 1962 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ክቡርነትዎ በመጪው ሰኔ ከቤተሰብዎ ጋር ለዕረፍት ወደ ቤቱ እንደሚወጡ ሰምቻለሁ። አንሶላዎን የምታነጥፍልዎ አሮጊት እጅ ነስታ «የባሌ የመግቢያ ፈቃድ መቼ ይመጣል?» ብላ ትጠይቅዎታለች፤ ፈቃዱ በእርስዎ እጅ ነው ብዬ ነግሬያታለሁና። ጽሕፈት ቤትዎ ያልሆነውን ሆነ ማለት አያቅተውም፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእሷ ሲሉ «በቅርቡ ይመጣል» ይበሉልኝ።