ሄድፎኑን ያወለቅኩ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች ወይስ ገና በድዷ ታስፈራራችኋለች? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ከአምናው ይሻላል። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አባባ ከሞቱ አራት ወር ሳይሞላ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

የአባባን ድምፅ ላክልኝ ብለሽ ሦስት ጊዜ ደውለሻል። ሦስቱንም ጊዜ እየተቀናበረ ነው አልኩሽ። የሚቀናበር ነገር የለም፣ እታለም። ድምፁ የለም።

ለፊልም ትምህርት ቤቱ አጭር ፊልም አባባን እንጨት መሰንጠቂያ ቤታቸው ልቀርጻቸው ስመጣ ካሜራ ከያዝኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የካሜራውን ማቆሚያ ስዘረጋ ጣቴን ቢቆነጥጠኝ፣ ይኼስ ካንተ ይሻላል፣ ሦስት እግር ስላለው አይንገዳገድም ብለው ሳቁብኝ። ፊልም ነው ስላልኳቸው ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው፣ የክት ኮታቸውን ለብሰው ሰጋቱራው መሃል ቁጭ ብለዋል። መሰንጠቂያ ማሽኑንም አጠፉልኝ።

አስተማሪዬ፣ ምስሉን ታየዋለህ፣ ድምፁ መግባቱን ግን ካልሰማህ አታውቅምና ሄድፎኑን ከጆሮህ እንዳታወልቅ ብሎ መክሮኝ ነበር። አባባ መናገር ሲጀምሩ ግን አፈርኩ። አባቴ እያወሩኝ ጆሮዬን ደፍኜ ፊታቸው መቆም ነውር ሆነብኝና አውልቄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ለካ ማይኩ የራሱ ማብሪያ አለው፤ አላበራሁትም። ማይኩ ካሜራው ላይ ከተሰካ ደግሞ ካሜራው በራሱ ድምፅ አይቀዳም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ተናገሩ፣ አንዲት ቃል አልገባችም። ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እደግመዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ልባቸው ግን እስከዚያ አልጠበቀችኝም።

የባሰው ምን መሰለሽ? ያሉትን እኔም አላስታውሰውም። ስምሽን ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ሳቁ፣ ከዚያ በኮታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ያን ጊዜ ፊታቸው እንዳይደበዝዝ ፎከስ በማስተካከል ተጠምጄ ነበር። ላከብራቸው ብዬ ሄድፎኑን አወለቅኩ እንጂ ጆሮዬን አልሰጠኋቸውም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ትናንት ለእማዬ ሁሉን ተናዘዝኩ። ትቆጣኛለች ስል፣ ምሳ ታደርስላቸው የነበረችውን ጠይቃት አለችኝ። አንቺን ማለቷ ነው፤ እውነቷንም ነው። ማሽኑ እየጮኸ ድምፃቸው ባይሰማ እንኳ፣ አባባ ከንፈራቸውን ካንቀሳቀሱ ይበቃሽ ነበር። ጨው አንሶታል ማለታቸው እንኳ አያመልጥሽም። እኔ ቀሚስሽን እየጎተትኩ ምን አሉ ስልሽ አንቺ ነበርሽ የምትነግሪኝ።

ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ከንፈራቸው ጥርት ብሎ ይታያል። እያየሽ ያሉትን ጻፊልኝ። ላንቺ ብቻ ያሉት ካለ ለራስሽ አስቀሪው፤ ለእኔ ያሉትን ግን፣ ስድብም ቢሆን አትደብቂኝ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁን እቀፊልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ ትልሻለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም እንዳትረሺኝ ብላለች። እኔ መልስሽን እጠብቃለሁ።

ምን አሉ፣ እታለም?

ታናሽሽ ቀጮ
ከአባባ እንጨት ቤት፣ ማሽኑ አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፬ ቀን