ሽማግሌ የተላከበት ሳሙና

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ብዙነህ፤

ከእትዬ አመለሸጋና ከሕፃኑ ጋር እንደምን ሰንብታችኋል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ሆድህንስ ተሻለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው የአባባ ሳሙና ነው።

ትልቁ ድስት ከመስከረም ወዲህ እሳት አላየም። ሳሙና ያለ ኮስቲክ ሶዳ አይረጋም፤ ኮስቲኩ ደግሞ በመርከብ ካልመጣ የለም። የስዊዝ ቦይ በሰኔው ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ መርከቦቹ አፍሪካን ዞረው እንደሚመጡ መምህራችን አስረዱን። እኔም ካርታዬን ይዤ ለአባባ አሳየኋቸው። አውራ ጣታቸውን ቢያሳርፉበት ቦዩም ግብፅም አብረው ጠፉ። «ይህችን የምታክል ነገር ናት የእኔን ድስት ያጠፋችው?» አሉ። ጎረቤታችን ኦቦ ፈዬራ ጎንበስ ብለው አዩና «ታዲያ ደቦ ጠርተው አይከፍቱትም?» አሉ። እኔ ሳቄን ይዤ ጓዳ ገባሁ፤ አባባ ግን እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሞራም ቢሆን የለም። ጾሙ ሊገባ ስለሆነ ሉካንዳዎቹ ማረድ እያቆሙ ነው፤ ከጎጆ ከተማ እንዳይመጣ ክረምቱ መንገዱን በልቶታል። የአዲስ አበባው ትልቅ ፋብሪካ ግን ቦዩ ሳይዘጋ መጋዘኑን ሞልቶ ኖሮ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ ሳሙና እየላከ ነው። እንጭኒ ከተማ ላይ የሚያከፋፍለው መርጋ የሚባል ነጋዴ ነው፤ ደንበኞቻችንን ጠራርጎ ወሰዳቸው።

አባባ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው መርጋ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። ኦቦ ፈዬራና ጡረተኛው አቶ ሀብተሥላሴ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ «ያንን የወረቀት ሳሙና ይተውልን» ሊሉ እንጭኒ ሄዱ። መርጋ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ እጃቸውን አስታጠበ፤ በምን ሳሙና እንዳስታጠባቸው አንተው ገምት። ጠጅ ካጠጣቸው በኋላ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያመጣዋል፤ ሽማግሌ መላክ ለፋብሪካው ነው» አለና አንዳንድ ሳሙና አስይዞ ሸኛቸው።

ሲመለሱ ከእነሱ በፊት ሽታቸው ደረሰ። አቶ ሀብተሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ነገሩ ለጊዜው በይደር ነው፤ ሰውየው ግን ጨዋ ነው» አሉ። ኦቦ ፈዬራ መዳፋቸውን ያሸታሉ። እማማ «እሰይ፣ ሽማግሌ ልከን ሙሽራይቱ ራሷ መጣችልን» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

አባባ ብቻ አልሳቁም። ወረቀቱን ገልጠው ሳሙናውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና «አበሳሰሉ ጥሩ ነው» አሉ።

ጋሼ፣ እኔን የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹን «ብዙነህ አሰብ ወደቡ ላይ ነው ያለው፤ ኮስቲኩ በቅርቡ ይመጣል ብሎኛል፤ ጠብቁ» ይሏቸዋል። ከሠራተኞቹ አንዱን፣ ጉርሙን፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቱ ና ቢለው፣ አባታችሁን እንዴት ትቼ እሄዳለሁ ብሎ ቀረ። አሁን ባዶውን ድስት ሲወለውል ይውላል። ሚስቱ ደግሞ ልትወልድ ነው። የመሰንጠቂያው ቤት ሌላ ሰው ከቀጠረ ምን ሊውጠው ነው? ይህን ሁሉ ያመጣው ያንተ «በቅርቡ» ነው። አባባ እንዳያዝኑ ብለህ እንደጻፍከው አውቃለሁ፤ ግን የማይመጣ ከሆነ አይመጣም በላቸው። እኔ ብናገር የልጅ አፍ ነው ይሉኛል። አንተን ያምኑሃል፤ ችግሩም እሱ ነው።

እትዬ አመለሸጋን ጉንጯን፣ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። እማማ በርበሬ በሰው እልካለሁ፣ ሆዱን ይጠብቅ ብለዋል። ኦቦ ፈዬራ ሰላም ይሉሃል፤ አቶ ሀብተሥላሴም እንደዚሁ። ጉርሙ ስለ ኮስቲኩ እንዳልጠይቅህ፣ ሰላምታውን ብቻ እንዳደርስልህ አደራ ብሎኛል።

አባባ አሁን በአጠገቤ ሲያልፉ «ኮስቲኩን አስታውሺው» አሉኝ። አስታውሼዋለሁ አልኳቸው።

እኅትህ ዘነበወርቅ
ሀገረ ሕይወት (አምቦ)፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.