የአባትሽ የዓይን ቆብ

ይድረስ ለልጄ ለሌንሳ፣ ዱባይ።

ሀና ማርያም በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ከለላ ትሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ። የአባትሽ የለቅሶ ድንኳን ከደጃችን ተነስቷል። ላሟም ወለደች፤ እሱ ሳያያት ቀረ እንጂ ጥጃዋ ታምራለች።

የላክሽልኝን ፎቶ ጎረቤታችን አሰገደች አይታ፣ «ውይ! ማነው እንዲህ የደበደባት?» አለችኝ። «ኧረ ራሷ ከፍላ ነው» አልኳት።

የዓይኔ ቆብ ተንጠልጥሎ ያስረጀኛል ብለሽ በቀዶ ጥገና አስነሳሽው። እሱ እኮ የአባትሽ ነው። ከአባትሽ ከሮበሌ የወሰድሽው ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነበር። እኛ እሱን ቀበርነው፣ አንቺ ደግሞ የተረፈውን አስቆረጥሽው። ባለፈው ወር ለቀብሩ ፈቃድ ከለከለኝ ያልሽው የምትሠሪበት ሆቴል፣ ለዚህ ሁለት ሳምንት መስጠቱ ገርሞኛል። እግዜር ይስጣቸው።

ሐኪሙ ያለሽን ስሚ። ክሩ በሳምንቱ እስኪወጣ በረዶ ያዢበት፣ ትራስሽን ከፍ አድርጊ፣ እንዳታሺው። ዓይኔ አልከደን ብሎ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል ላልሽው ግን አትጨነቂ፤ ለአባትሽ ያልወጣው ነው።

ፈጣሪ ዓይንሽን ይማርልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፣ ልጄ። አርባው የፊታችን እሁድ ነው። እብጠቱ ሳይጎድል ድረሺ። የእድሩ ሴቶች ስታለቅሺ የከረምሽ ይመስላቸዋል።

እናትሽ