አዲሱ ቅጠል ሲነጣ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልህ ከጓዳ ሆኜ ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ዛሬም ከቤት አልወጣሁም። ስሜ አሁንም በቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ላይ አለ። እማዬም ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ባሌ ክፍለ ሀገር አጎቱ ዘንድ ነው» እያለች ትመልሳለች።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። ካፖርትህን እማዬ ለአጎቴ ላከችለት። በጓዳዋ መስኮት ይታየኝ የነበረውን የጤፍ ማሳ ጎረቤት በቆርቆሮ አጠረው፤ እናም አሁን የማየው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲወጣበት ዓይን ይወጋል፣ ሲዘንብበት ይንጫጫል።

ልነግርህ የፈራሁት ግን ስለ ዓሣው የመስታወት ሳጥን ነው።

እኔን የደበቅኸኝ ሰሞን፣ ከአፈር መመርመሪያው ላቦራቶሪ እንደተመለስክ የግቢውን በር ቆልፈህ፣ መጋረጃውን ስበህ ወደ ሳሎን ትጠራኝ ነበር። ሁለታችን የዓሣው ሳጥን ፊት እንቀመጣለን። ከዝዋይ ያመጣሃቸው ትናንሽ ዓሦች አብረህ ባመጣሃቸው፣ እንደ ሪባን በረዘሙ የውሃ ተክል ቅጠሎች መሀል ሲሽሎኮለኩ እያየሁ መታሰሬን እረሳ ነበር። አንተ ግን ዓሦቹን ሳይሆን ቅጠሎቹን እንዳይ ነበር የምትፈልገው። ተክል ሲርበው አይጮህም፣ በቅጠሉ ነው የሚናገረው ትለኝ ነበር። መጀመሪያ የታመመው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? አሮጌው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አጥሮታል። አሮጌው በመርፌ እንደተወጋ ቀዳዳ ካወጣና ጠርዙ ከገረጣ ፖታሲየም ነው። አዲሱ ቅጠል ነጥቶ የቅጠሉ ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ሆነው ከቀሩ ብረት ነው። አንዱን ከሌላው ለይቼ እስክነግርህ ድረስ የተክሉ ምግብ ያለባቸውን ቡናማ ጠርሙሶች አታስነካኝም ነበር። ከብዙ ስህተት በኋላ አንድ ቀን ሦስቱንም በትክክል ስነግርህ ማንጠብጠቢያውን እጄ ላይ አስቀመጥክልኝ።

ከዚያ ታመምክ። ሐኪሙ ሆስፒታል ካልተኛህ ሲልህ ቤቴን ለማን ጥዬ አልክ። የቀበሌ ሰው በር ሲመታ ሄደህ የምትከፍተው፣ እያጫወትክ በረንዳ ላይ የምታስቀረው አንተ ነበርክ። ለማን ብለህ እንደቀረህ አውቃለሁ አባዬ። ይህን በአፌ ልነግርህ ሳልችል ቀረሁ።

አስከሬንህ ወደ ሀና ማርያም ሲወጣ እኔ ፎጣ ነክሼ ከጓዳው በር ኋላ ቆሜ ነበር። ድንኳኑ ከመስኮቴ ሥር ስለተተከለ ለቀስተኛው ሲያወራ ይሰማኛል። አንዷ ሴት «ምነው ልጁ ለአባቱ ቀብር እንኳ ሳይደርስ?» ስትል ሰማሁ። ከተሸካሚዎችህ አንዱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ተሰማ እንደነበር እማዬ በኋላ ነገረችኝ። ያ ስሜ ያለበትን ዝርዝር የሚይዘው ሰው።

ካንተ በኋላ ሳጥኑን እኔ ያዝኩት። መጋረጃው ተስቦ፣ በሩ ተቆልፎ፣ በየሳምንቱ ውሃውን በከፊል እቀይራለሁ፣ የነጣውን አይቼ ጠብ አደርግለታለሁ። አረንጓዴው እንዴት እንዳማረ ብታይ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር በእጄ ጸና።

መዘዝ ያመጣብንም ይኸው ማማሩ ነው። አርባህ ካለፈ በኋላ ጓድ ተሰማ እማዬን ሊጠይቃት መጣ። ሳሎን አስገባችው። እኔ ከበሩ ኋላ ትንፋሼን ውጬ ነበር። ወደ ሳጥኑ ጠጋ ብሎ ማን እንደሚንከባከበው ጠየቃት። እኔ ነኝ አለችው። አቶ መኮንን አዲሱ ቅጠል ሲነጣ የሚጨምሩለት ነገር ነበር፣ ምን ነበር? አላት። እማዬ ተንተባተበች፤ ውሃ ብቻ ነው የምጨምረው አለችው። አመስግኖ ወጣ።

እሱ እንደሄደ እማዬ ጓዳ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። 

«ልጄ፣ ተክሉ ይሙት» አለችኝ። «አባትህ የሞተበት ቤት ይምሰል። እንዲህ ለምልሞ ካየው የሚንከባከበው ሌላ ሰው እቤት እንዳለ ያውቃል።»

እሺ አልኳት። ጠርሙሶቹን ከአልጋዬ ሥር አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ልነግርህ የፈራሁት። በመጀመሪያ አዲሶቹ ቅጠሎች ነጡ። ብረት፣ አልኩ። ቀጥሎ አሮጌዎቹ ተበሳሱ፤ ፖታሲየም። ሁለት ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈው ተገኙ። ሪባን መሰሎቹ ቅጠሎች ከሥራቸው እየበሰበሱ ተነቀሉ፤ መስታወቱም ሙልጭልጭ ባለ አረንጓዴ ነገር ተሸፈነ። እያንዳንዱ የሚለምነውን አውቃለሁ፤ የሚለምነውም ከአልጋዬ ሥር ነው። አንድ ቀን ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሎን ድረስ ደረስኩ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ተመለስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ጓድ ተሰማ ተመልሶ መጣ። ሳጥኑን አይቶ ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ አስካለ፣ ምነው ተዉት?» አላት። «አቶ መኮንን አንድ ችግኝ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ያን ቀን የመጣሁት እሱን ልለምንዎት ነበር፣ አፈርኩና ሳልናገር ወጣሁ።»

እማዬ ምን እንደመለሰችለት አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ ደሜ ይጮህ ነበር።

እውነቱን ይሁን ወጥመድ ይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም። ሊፈትሸንም አልመጣም። ስሜንም ከዝርዝሩ አልሰረዘም። እማዬ አንዳንዴ ያ ሰው ሁሉን ያውቃል ትላለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስላል። የተከልከውን በፍርሃት ገደልን አባዬ። ከሁሉ የከፋኝ፣ ዳግመኛ ቢመጣብን ያንኑ እንደምናደርግ ማወቄ ነው።

ዓሦቹም ተክሎቹም አልቀው ባዶ የቀረውን ሳጥን ትናንት አጠብኩት። ቅጠሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሞቱ፣ እያንዳንዱ ምን አጥሮት እንደነበር አንድም ሳልዘል በዚሁ ደብተር ጽፌዋለሁ። ካንተ የተማርኩት አይጠፋም። ይህ በር የሚከፈትልኝ ቀን ሲመጣ በእግሬ ሀና ማርያም መጥቼ መቃብርህን እሳለማለሁ። ከዚያ ዝዋይ እወርዳለሁ። ሥር ያለው አንድ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣና የጓድ ተሰማን በር አንኳኳለሁ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ያኔም ላላውቅ እችላለሁ። ቢሆንም ቃል የገባኸው አንተ ነህና፣ «ከአባቴ ነው» ብዬ እሰጠዋለሁ።

ልጅህ