ተቃዋሚ ካለ

ጥቅምት 6

የስምንተኛ ለ ድርሰት አርሜ ጨረስኩ። ስልሳ ሁለት ወረቀት። ርዕሱ «ታማኝነት»... ማን መረጠው? እኔው።

ጣሪያው ዛሬም አፈሰሰ። የሺመቤት ባልዲውን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን አዛወረችው። አከራያችን «በሚመጣው ሳምንት አሠራዋለሁ» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያው የሚመጣው ሳምንት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ወልቂጤ ላይ ሃያ ዓመት አስተምሬ ከነሚስቴ ባልዲ አዛውራለሁ።

ማስታወቂያው ቅዳሜ ይወጣል ብለውኛል። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልጻፈው፣ ማንም አያየውም። አባባ ደበሌ የቡታጅራውን ቤት ሲሰጠን ብልሃት አበጀ። ካርታውን በእኔ ስም አወጣው፣ ወረቀቱን ግን ለእህቴ ለጥሩወርቅ ሰጣት። «ስሙ ያንተ፣ ወረቀቱ የሷ። ካልተስማማችሁ አይሸጥም» አለ። ጥሩወርቅ እዚያው ትኖራለች፣ የፊተኛውን ክፍል ልብስ መስፊያ አድርጋዋለች። እንሽጠውና እኔም ወልቂጤ ላይ ጎጆ ልቀልስ አልኳት፣ ሁለት ጊዜ። «እኔ በሕይወት እያለሁ?» አለችኝ እየሳቀች። ሦስተኛ አልጠየቅኳትም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ካርታዬ ጠፋብኝ አልኩ።

ጋዜጣ ላይ ወጥቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ተቃዋሚ ካልመጣ ማዘጋጃ ቤቱ ምትክ ይሰጣል። ቡታጅራ ውስጥ ጋዜጣ ማን ያነባል? ጥሩወርቅ የምታነበው መጽሐፍ ቅዱስና የሜትሯን ቁጥር ነው።

ድርሻዋን እሰጣታለሁ። እሰጣታለሁ እኮ።

ጥቅምት 8

ወጣ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ከታች በስተቀኝ። ከላዩ የጄኔሬተር ጨረታ፣ ከጎኑ የጠፋ የመኪና ሰሌዳ። ከመዳፌ ያንሳል።

«አቶ ሰይፉ ደበሌ በቡታጅራ ከተማ የሚገኘው ቤታቸው ካርታ ስለጠፋባቸው ምትክ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ካርታው በእጄ ነው የሚል ወይም ተቃዋሚ ካለ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በሠላሳ ቀን ውስጥ...»

ስሜ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ይላል ብዬ አስብ ነበር። አቶ ተብያለሁ።

ሃሊማ ኪዮስክ ላይ አራት ጋዜጣ ነበር፣ አራቱንም ገዛሁ። «ውይ ቲቸር፣ አራቱንም? ምን ወጣ?» አለችኝ። «ክፍት የሥራ ቦታ» አልኳት። ለአንድ ሥራ አራት ጋዜጣ የሚገዛ ሰው አለ?

ጥቅምት 10

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። «ሥራ እያፈላለግህ ነው አሉ። ምን አጎደልንብህ?» ሃሊማ... በሁለት ቀን ውስጥ! «ለእህቴ ልጅ ነው» አልኩ። እህቴ ልጅ የላትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ግን እያደር ከበደኝ።

ጥቅምት 13

ከመጽሐፉ ሁሉ ምዕራፍ ሦስት አሁን ይድረስ? «ጋዜጣ፣ ይዘቱና አገልግሎቱ»። መዝለል አሰብኩ። ዕቅዱ ላይ አለ፣ አይዘለልም።

አስተማርኩ። ዜና፣ ርዕሰ አንቀጽ፣ የአንባቢ አስተያየት፣ ስፖርት... ማስታወቂያ ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ መሰለኝ። ጨረታ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የጠፋ ሰነድ። ፈቲሀ እጇን አወጣች። ይህቺ ልጅ ካልጠየቀች አታድርም።

«ቲቸር፣ ጋዜጣውን ያላነበበ ሰውስ? ካላየው እንዴት ይቃወማል?»

«ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሁሉም እንዳወቀ ይቆጠራል።»

«ግን አያውቅም እኮ!»

«ይቆጠራል አልኩሽ።»

ፈቲሀ ቁጭ አለች። ተቆጣሁ እንዴ? ተቆጥቻለሁ።

መልመጃው ደግሞ ይኸው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከየትም ብሎ አንድ ጋዜጣ ያመጣል፣ ከውስጡም አንድ ጽሑፍ መርጦ ለክፍሉ ያነባል። ዕቅዱ አንድ ሳምንት ይላል። አሥራ አንድ ቀን ሰጠኋቸው። ከዚያ በላይ አላስቻለኝም።

ጥቅምት 16

ትናንት ቡታጅራ ሄጄ አደርኩ። እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ጋዜጣ ማን ያነባል ብዬ አልነበር? ማንበቡን ተወው፣ ከተማው ራሱ ጋዜጣ ነው! ቆሎ የገዛሁት በጋዜጣ ጥቅል። ፀጉር አስተካካዩ አንገቴ ላይ ያደረገው ጋዜጣ። መስታወት የሚወለወለው በጋዜጣ። አንዲት ሴትዮ መናኸሪያ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ተቀምጣ ነበር፣ እስክትነሳ ቆሜ ጠበቅኩና ቀኑን አየሁ። የሐምሌ ነው።

ጥሩወርቅ ቤት ገብቼ ደግሞ ደነገጥኩ። ጥግ ላይ ጉልበት የሚደርስ የጋዜጣ ክምር። ልብስ ከመቁረጧ በፊት ቅርጹን በጋዜጣ ነው የምትቆርጠው፤ ለካ ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ ትገዛለች። ግድግዳው ላይ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ የሱሪ እግር ተሰቅሏል። አንዱ ላይ በማርከር «የጋሼ ልክ» ብላለች።

ገበያ ስትወጣ ክምሩን በረበርኩት። ሳልጨርስ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?»

«የሚነበብ ነገር...»

«ውሰደዋ! እኔ ለቁርጥ ነው፤ ምን እንደሚል አይቼውም አላውቅ።» ሳቀች። ጎመንና አይቤ ከቆጮ ጋር አቀረበች። «ከሳህ። የሺ አታበላህም እንዴ?»

በላሁ። ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ። ክምሩን ሙሉ ተሸክሜ ወልቂጤ ገባሁ። የሺመቤት ክምሩንም እኔንም አየች። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

ጥቅምት 20

ገዢው ደወለ፣ ሙሀይሚን። ቡታጅራ ውስጥ የታወቀ ነጋዴ ነው። «አሰላሙ አለይኩም ቲቸር። ካርታው እንዴት ሆነ?» ኅዳር ላይ አልኩት። «ኢንሻአላህ። እህትህ ግን ተስማምታለች አይደል? የሰው እንባ ያለበት ቤት ወላሂ አልገባም።»

«ተስማምታለች።»



ጥቅምት 24

የፈሩት ይደርሳል አሉ...

ሃያ ልጅ አነበበ፣ በሰላም አለፈ። ስፖርት፣ የአየር ሁኔታ፣ የቡና ዋጋ። ፈቲሀ ተነሳች። አባቷ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አላቸው፣ ምስማር የሚጠቀልሉበትን ጋዜጣ ነው ያመጣችው። የተጨማደደ፣ ዝገት የነካው። «እኔ ማስታወቂያ ነው የመረጥኩት» አለች። ገና ጀርባዋን ስታቀና አውቄዋለሁ።

«አቶ ሰይፉ ደበሌ በቡታጅራ ከተማ...»

ማንበቡን አቆመች። አየችኝ። ስልሳ አንዱም ዞረው አዩኝ።

«ቲቸር... እርስዎ ነዎት?»

የስም መመሳሰል ነው ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። «አዎ» አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። አዘኑ! «ውይ ቲቸር!» «መቼ ጠፋብዎት?» «አውቶቡስ ላይ ረስተውት ይሆናል!» ፈቲሀ ቁጭ ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ባለፈው ስለ ማስታወቂያ ጠይቃኝ ያስከፋችኝ መስሏታል። በመውጫ ሰዓት መጥታ «አፉ በሉኝ፣ የቤትዎ ካርታ ጠፍቶብዎት መሆኑን አላወቅኩም» አለችኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 25

ልጆቹ እየፈለጉልኝ ነው። የመምህራን ማረፊያውን መሳቢያ ሁሉ ገልብጠዋል። መናኸሪያ ድረስ ሄደው የሹፌሮቹን ረዳቶች ጠይቀዋል። ያልጠፋ ወረቀት...

ጥቅምት 30

ቤተክርስቲያን። ስብከቱ አለቀ፣ ልንወጣ ስንል ፓስተሩ ማይክ ያዙ። «ወንድማችን መምህር ሰይፉ የቤታቸው ካርታ ጠፍቶባቸው በጭንቀት ላይ ናቸው። ራሳቸው አልነገሩንም፣ ከልጆቻችን ነው የሰማነው። ቅዱሳን፣ እጃችንን እንዘርጋላቸው።»

መቶ ሰው እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥ! ያለበትን ስፍራ አንተ አሳይ!» አሜን ይላሉ። እኔም አሜን አልኩ። ምን ልበል? እግዚአብሔር እንዳይሰማቸው እየለመንኩ አሜን አልኩ። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መንገድ ላይ የሺመቤት «ካርታው ጥሩዬ ጋ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ያ ሌላ ነው።»

«ስንት ቤት አለህ?»



ኅዳር 3

ጥሩወርቅ ደወለች። ከኛ ቤተክርስቲያን ሰዎች ሰምታ ነው።  በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን...

«ጋሼ፣ ካርታው ጠፋ ብለህ ተጨንቀሃል አሉ። እኔ ጋ ነው እኮ! አባባ ለኔ ነው የሰጠው። ረሳኸው?»

መውጫው በሩን ከፍቶ ቆመ። «ውይ... አዎ። ረስቼው ነው» አልኩ።

 ስትተነፍስ ሰማኋት። ታለቅስ ነበር። «አባባም መርሳት የጀመረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ የኛን ስም። ጋሼ፣ ሐኪም ታይተሃል?»

«ደክሞኝ ነው፣ ጥሩዬ።»

«እመጣለሁ» አለች።

ኅዳር 4

ማስታወቂያው አራት ቀን ቀረው። አትምጪ ልበላት? በምን ሰበብ?

ኅዳር 6

መጣች። ሥራዋን ዘግታ፣ ስንት ሰዓት በመኪና ተንገላታ። ቅቤና ቆጮ ይዛ። ሳትቀመጥ ጃኬቷን አወለቀች፣ ምላጭ ከየሺመቤት ተቀበለችና ገበሩን ተረተረችው። ካርታውን እዚያ ውስጥ ሰፍታው ነበር። «መንገዱ አይታመንም» አለች። አውጥታ እጄ ላይ አደረገችው።

«ያዘው፣ ካንተ ጋ ይሁን። እያየኸው ትረጋጋለህ። እኔ ወረቀቱ ምን ያደርግልኛል? አንተ ካለህልኝ።»

የፈለግኩት እጄ ላይ ነው። ስሙም የኔ፣ ወረቀቱም የኔ። ሠላሳ ቀን፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ምንም አያስፈልግም። ሙሀይሚንን መጥራት ብቻ። ደስታው ግን የታለ? ጥሩወርቅ ፊቴን ታያለች፣ እንደ በሽተኛ። ግንባሬን ነካች። «የዛሬውን ቀን ታውቀዋለህ?» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት።

አልቻልኩም።

«አልረሳሁም ጥሩዬ» አልኳት። ከአልጋው ሥር ጋዜጣውን አወጣሁ፣ ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ሰጠኋት።

በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለት ጊዜ። የሺመቤት በሩ ላይ ቆማለች። ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«‹ተቃዋሚ ካለ› ይላል» አለች። «ተቃዋሚዋ እኔ ነኛ?»



«ጣሪያህ እንደሚያፈስ ለምን አልነገርከኝም? ሽጪ ብቻ ነው ያልከኝ። ቢቸግረኝ ነው አላልክም።» ባልዲውን አየችው። ከዚያ ከእጄ ላይ ካርታውን ወሰደች። «የሺ፣ መርፌና ክር አለሽ?» ሶፋው ላይ ተቀምጣ ገበሩን መልሳ ሰፋችው። ጥቅጥቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል። እኔ ፊቷ ቆሜ ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ጃኬቷን ለበሰች። እደሪ ብንላት እምቢ አለች።

የሺመቤት መናኸሪያ ሸኘቻት። እኔን አትምጣ አለችኝ።

ኅዳር 8

ሠላሳኛው ቀን። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ካርታ ፍለጋ መስሏቸዋል።

ቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት። ባለሙያዋ ፋይሌን ገለጠች። «ተቃዋሚ አልቀረበም። ነገ ና፣ ምትኩ ይዘጋጃል።»

«ቀርቧል» አልኩ።

«ማን?»

ማመልከቻዬን ሰጠኋት። ካርታው እንዳልጠፋ፣ በእህቴ በጥሩወርቅ ደበሌ እጅ እንዳለ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው አውቅ እንደነበር ጽፌያለሁ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። አንብባ ቀና አለች። «ለፖሊስ የሰጠኸው ቃልስ?»

«አሁን ወደዚያ ነው።»

ሄድኩ። መኮንኑ ቃሌን መዘገበና ቀና ብሎ አየኝ። «አስተማሪ ነህ?» አለ። ሐሙስ ተመለስ ብሎኛል። ይከሱኝ ይሆን? ትምህርት ቤቱ ይሰማ ይሆን? ፈቲሀስ? አላውቅም፣ እፈራለሁ። ሙሀይሚን ጋ ደወልኩና እህቴ አልተስማማችም፣ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። «ደግ አደረግክ ቲቸር» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ። በሩ ላይ ጥቂት ቆምኩ፣ የስፌት መኪናዋ ይሰማል። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ እየለካች ነበር። ጥሩወርቅ አየችኝ፣ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ። የማመልከቻዬን ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ አሳየኋት። አነበበችው፣ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ደንበኛዋ «እንግዳ አለብሽ፣ ልሂድ?» አለቻት።

«ወንድሜ ነው። ሰይፉ ይባላል» አለች።

ምግብ አቀረበች፤ እንደ ሁልጊዜው ሞልታ። አንድ ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። እሷ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ጀርባዋን ሰጥታ ትሰፋለች።

«ብላ እንጂ ሰይፉ። መኪና እንዳያመልጥህ።»

በልጅነታችን ተደባድበን እንኳ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።