ያልተጻፈው እርቅ

ሰኞ
ተበዳዩ ይቅር ካለ በዳዩ ለምን ስድስት ዓመት ይታሰራል? የደንበኛችን የታደሰ እህት ስልክ ላይ እያለቀሰች ጠየቀችኝ። በሕግ የተመረቅኩት እኔ «እናያለን» ብቻ አልኳት። ታደሰ እዚህ ጁባ፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ምግብ ቤት ሲሠራ ተጣልቶ የባልደረባውን የግርማን ክንድ በብረት ሰብሯል። ጥፋቱን አምኗል። ይግባኛችን የቅጣቱ ርዝመት ላይ ብቻ ነው፤ እስከ ዓርብ መግባት አለበት። አለቃዬ፣ ጋምቤላ ያደገው ጠበቃ፣ መዝገቡን ገልብጦ «እርቁ የታለ?» አለኝ። የለም። ለካ ሽማግሌዎቹ አስታርቀው፣ ጸልየው፣ አስተቃቅፈው ተበትነዋል። አንድ መስመር የጻፈ የለም!

ማክሰኞ
ካቶር ሰፈር፣ አስታራቂው ጋሽ ታምራት ቤት። ወረቀት ስላቸው ተቆጡ። «በእግዚአብሔር ፊት የተባለ ነገር ይፈረማል እንዴ ልጄ? ምነው፣ አታምኑንም?» ብቻ የግርማን ስልክ ሰጡኝ። ምሳ ብቻዬን። ጁባ ከመጣሁ አራት ወር ሆነኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ ባለጉዳይ ብቻ ነው።

ረቡዕ
አትላባራ ሰፈር፣ ግርማ ቤት። ቶሎ እንዲፈርም ቃሉን ራሴ ጽፌ ሄድኩ። «ጉዳቱ ቀላል ነበር» የሚል ጨመርኩበት፤ ለታደሰ ይጠቅማል ብዬ። ግርማ አነበበና ክንዱን ሊያነሳ ሞከረ። ከትከሻው አላለፈም። «ይቺ ናት ቀላል? ይቅር አልኩ እንጂ አልተመታሁም አልኩ? አንቺ ልጅ፣ ይህን ነው ያስተማሩሽ?» ወረቀቱን መለሰልኝ። እስከ ቢሮ በእግሬ። አፈርኩ።

ሐሙስ
ለአለቃዬ ተናዘዝኩ። አለመቆጣቱ ባሰብኝ። «ተመለሺና እሱ የሚለውን ጻፊ።» ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ግርማ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ፦ ክንዴ አይነሳም። ትልቅ ድስት አላወርድም። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ልጆቹ ያለ አባት እንዲያድጉ አልፈልግም። አነበብኩለት፤ ፈረመ። ጋሽ ታምራትም መጥተው እያጉረመረሙ በምስክርነት ፈረሙ።

ዓርብ
መዝገብ ቤት። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «ቡክራ» አለኝ፤ በአረብኛ ነገ ማለቱ ነው። የዚህ ሰውዬ ነገ አያልቅም! ነገ ቅዳሜ ነው ብዬ ቆምኩ። አልሄድ ስለው ማኅተሙን መታ። ገባ!
ከዚያ እስር ቤት። «ስንት ይቀንሱልኛል፣ እህቴ?» አለ ታደሰ። አላውቅም አልኩት። የግርማን ቃል ሳነብለት «ድስት አላወርድም» የሚለው ላይ አቀረቀረ፤ ቀና ሳይል የመጠየቂያው ሰዓት አለቀ።
ክፍሌ ገባሁ። የምነግረው ሰው የለም። በዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፦ «የመጀመሪያ ይግባኜ ገባ። ማን አለ? እስቲ አንድ ሰው ይመልስልኝ።»