ነፋስ የሌለበት አዳራሽ

ዓርብ

ዛሬም ወደ ቀኝ። ሁሉም ወደ ቀኝ! መምህር አየነው የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በኖራ ጎል ሣሉልኝ፤ እኔ ግን ከጎሉ ውጭ ያለውን ግድግዳ ስደበድብ ዋልኩ። መጋዘኑ ባዶ ሆነ እንጂ እህል ቢኖርበት ጆንያውን ሁሉ ቀድጄው ነበር።

መጋዘን የገባነው ወደን አይደለም። የዛሬ ሳምንት አዲስ አበባ ከጎረቤት አገር ቡድኖች ጋር እጅ ኳስ አለ፤ የሚደረገው አዳራሽ ውስጥ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለሙከራ ጠርቶኛል። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ጣራ ሥር ኳስ ወርውሬ አላውቅም። እዚህ ንፋስ መውጫ የትምህርት ቤቱ ሜዳ የቀረው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ ነፋሱም ሁልጊዜ ከቀኝ ይመጣል። ልጆች ሆነን በቀላሏ የፕላስቲክ ኳስ ስንጫወት ዓይናችን ጎሉ ላይ ሆኖ ኳሷን ወደ ቀኝ አሳልፈን እንለቃታለን፤ ነፋሱ አምጥቶ ያስገባልናል። እጄ ይህንኑ ለምዶ ቀረ። አሁን የሚያመጣልኝ የለም።

«እጅህን አቅናው እንጂ አዳነ!» ይላሉ መምህር። ላቅናው ብዬ ሳስብ ይዝላል። ሳላስብ ወደ ቀኝ።

ቅዳሜ

ወንድሜ ደሴ በአይሱዙው ስንዴ ጭኖ ከወገዳ ገባ። የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ልብ አላልኩትም። «አገር የጠራህ ለዚህ ነው?» ብሎ ሳቀ። በሽቄ ኳሷን ወረወርኩበት። እሷም ወደ ቀኝ ሄደች።

እራት ላይ ውላችንን አስታወሰኝ። ቡድኑ ውስጥ ካልገባሁ ኳስ በቃ፤ የደሴ ረዳት ሆኜ ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ ንፋስ መውጫ እያልኩ ጎማ ስፈታና ጆንያ ስጭን ልኖር ነው። ሥራውን ንቄ አይደለም። ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማን ይጠራኛል?

እማ እጄን እያየች «አመል ያወጣል ከመሀል» አለች። ማጽናናቷ ነው እንግዲህ።

እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ እንኳ የማስበው ቀኝ እጄን ነው። ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ። አልተሻለኝም፤ ራሴን እየዋሸሁ ነው።

መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ አለ። ሻንጣዬ ውስጥ ያለው፦ ሁለት ቁምጣ፣ ፎጣ፣ የእማ በሶ፣ መምህር አየነው ያዋሱኝ ጫማ። ጫማው ይጠበኛል፤ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው፣ ተመስገን። ደሴ እስከ ደብረ ታቦር አደረሰኝ። መናኸሪያው ጋ ስወርድ «ስልክህን እንዳታጠፋ» አለኝ፤ በቃ ይኸው ነው። አንዲት «በርታ» ብትወጣው ምን ነበረበት? የወንድም ወጉ ይሄ ነው? የመኪናውን በር ድርግም አድርጌበት ሄድኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡስ። አውቶቡስ። ወገቤ!

ረቡዕ

ወለሉ ፊት ያሳያል። ጫማ ሲፋተግበት እንደ አይጥ ይጮኻል። አሠልጣኙን በስልክ ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ረጅም ነው። ከግራ በኩል ለሚወረውር የቀረው ቦታ አንድ ነው አሉ። ለእሷ የምንፎካከረው እኔና ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነን። ናሆም ያደገው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ደግ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል።

ቀኝ። ቀኝ። ቋሚ። ቀኝ። አሠልጣኙ «ከንፋስ መውጫ ድረስ የመጣኸው ወንበር ልትመታ ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ነገ ይለይልኛል።

ሐሙስ

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ተስፋ ቆርጬ ነበር። የራሱ ጉዳይ አልኩና እጄን ማቅናቱን ተውኩት። የጎሉን ግራ ጥግ እያየሁ እንደ ሜዳችን ለቀቅኳት። በቀኝ በኩል ገባች። በረኛችን በረከት እኔ ወዳየሁበት ወደ ግራ ጥግ ዘሎ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ብድግ ብሎ ጮኸብኝ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ወዲያ፣ ኳስህ ወዲህ! የት እያየህ ነው የምትወረውረው?»

ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ በረኛ የሚጠብቀው ዓይን ነው! እስከ ዛሬ መሀሉን ወይም ቀኙን እያየሁ ነበር የምስተው። ግራውን ካየሁ ኳሷ ቀኙ ውስጥ ታርፋለች፤ በረኛውም ይሳሳታል። ደገምኩ፣ ገባች። ሠለስኩ፣ ገባች። በረከት ሊደበድበኝ ምንም አልቀረው።

አሠልጣኙ ስሜን ጠሩ። ደስታዬን ሳልጨርስ «ነገ አይሃለሁ፤ ካልሆነ እሑድ ናሆም ይገባል» አሉኝ። ናሆም እጄን ጨበጠ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አንጀቴን በላው።

ዓርብ

ተጋጣሚዎቻችን ሰው አይደሉም፣ ግንብ ናቸው። ግማሹን ጨዋታ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። ስገባ ፍርሃት ያዘኝና የመጀመሪያዋን ቀኙን እያየሁ ለቀቅኳት። ተመልካች መሀል ገባች። ወይ ጉዴ! አሠልጣኙ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ አየሁ፤ አበቃልኝ አልኩ።

ሁለተኛዋ ስትደርሰኝ ግራውን አየሁ። በረኛው ወደዚያ ሄደ፤ ኳሷ በዚህ ገባች። ሌላም ገባች። ሌላም። መጨረሻ ላይ ግን ነቃብኝ፤ ዓይኔን ትቶ እጄን አየና ያዘብኝ። በአንድ ጎል ተሸነፍን። አሠልጣኙ በአጠገቤ ሲያልፉ «እሑድም አንተ ነህ» አሉ። ቆመው እንኳ አልነገሩኝም።

ለደሴ ደወልኩ። «ገባሁ እኮ! እንግዲህ ረዳትህን ከሌላ ቦታ ፈልግ» አልኩት፤ ትንሽ ልኮራበት ብዬ።

«የምን ረዳት?» አለኝ። «የጎረቤታችንን ልጅ ቀጥሬ የለ? ሰኞ ነው የያዝኩት፣ አንተን አድርሼ ስመለስ።»

ሰኞ! በሩን ድርግም ያደረግሁበት ቀን።

«ባልገባስ ኖሮ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቦታህ ተይዟል፤ ወደዚህ እንዳትመጣ» ብሎ ሳቀ። ስለ በሩ ይቅርታ ልለው ስል ኔትወርኩ ተቋረጠ።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰው እያየኝ። እሑድ የምንገጥመው ቡድን በረኛ የዛሬውን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነበር። እጄን ቢያይስ? ነገ ማልጄ በረከትን ጎል ውስጥ አቆመዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለደሴ እደውላለሁ።